ምስማር ላይ የተሰቀለው የዒልሚ ቆርቆሮ

ምሥራች!

ምሥራች ብያለሁ! «ምሥር ብላ» የሚለኝ ይበለኝ፤ የሚለኝ ባይኖርም ከመናገር አልመለስም። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠፋ ሰው ተገኘ። የተገኘው ጅቡቲ አይደለም፣ ኤደንም አይደለም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሜዳ ወዲያ፣ ሚስቱ በየቀኑ ከምትቆምበት ቦታ መቶ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተገኘ።

የማን ምሥራች መሰላችሁ? የሃሊሞ ነው። የሃሊሞ ሊበን። ብዙ ሰው በስሟ አያውቃትም፤ ከድንጋይ ካባው ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ደርቆባት ስለሚያያት «ጭቃዋ ሴትዮ» ነው የሚላት። ደስታው አፌን እያደናቀፈኝ ነው እንጂ ታሪኩስ የሚያስፈነድቅ አይደለም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልያዘው።

በ1948 ዓ.ም. ሃሊሞ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ዒልሚ ገዲ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ግመል ግመል የሚል፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ከእናቱ ከአዴ ቢሻሮ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ሃሊሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዒልሚ የሚሠራው የነጭ ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ተቃጥሎ ኖራ ይሆናል፤ ጣጣው ከላዩ የሦስት ሰው ቁመት የሚያህል ቀይ አፈርና ጠጠር ተጭኖት መቀመጡ ነው። ዱሮ ያን አፈር በአካፋና በአህያ ሲያነሱት አንድ ዓመት ይፈጃል። ኋላ የካባው ጌታ፣ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ግሪክ፣ አንድ ትልቅ የውሃ ሞተር በባቡር አስመጣ። በአሸዋው ወንዝ ዳር ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ቱቦ አዘረጋ፣ ከቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ የሚዞር፣ አፉ ጠባብ የሆነ ትልቅ የብረት አፈሙዝ አስተከለ። ሠራተኛው «መድፉ» አለው። እውነትም መድፍ ነው። ከአፉ የሚወጣው ውሃ ሰው ቢያገኝ አጥንት ይሰብራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃውን የአፈሩ ግድግዳ አናት ላይ አይተኩሱትም፤ እግሩ ላይ ነው። ሥሩ ተቦርቡሮ ተቦርቡሮ ሲያልቅ ግድግዳው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የወረደውን ያው ውሃ ጭቃ ያደርገውና በቦይ እየነዳ ወደ ገደሉ ይከተዋል፤ ነጩ ድንጋይ እንደ ታጠበ ጥርስ ራቁቱን ይቀራል። ይህ ሥራ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፦ እግሩ የተበላ ግድግዳ እስኪወድቅ ድረስ ማንም ሥሩ አይገባም።

ሌላው ሕግ የቆርቆሮ ነው። በሩ አጠገብ አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ስልሳ ምስማር ተመቷል። በየምስማሩ ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ቆርቆሮ አለ። ሰው ሲገባ ቆርቆሮውን አንሥቶ ኪሱ ይከታል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው ካባው ውስጥ አለ፤ ቆርቆሮው ከተሰቀለ ሰውየው ወጥቷል። የዒልሚ ቁጥር አርባ አንድ ነበር።

ዒልሚ የመድፉ ረዳት ነበር። የቱቦውን መጋጠሚያ የሚፈታና የሚያጠብቅ፣ ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ በእጁ ነበረ። አንድ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ጥሎት የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ ሊያባርረው ስለነበር፣ ሃሊሞ ከአራት ቀጭን ጠፍር ጎንጉና ማንገቻ ሠራችለት፤ ሦስቱ ጠፍር ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። መፍቻውን በዚያ ወገቡ ላይ ያስረዋል።

«ነያ፣ አንቺ ሴት፣ እንደ ፍየል አሰርሽኝ እኮ» አላት ያን ለት።

«ፍየልማ ብትሆን ታዝዘኝ ነበር» አለችው።

በዚያ ዓመት ከአረፋ በኋላ አንድ ማክሰኞ ዒልሚ በጠዋት ወጣ። ማታ አልገባም።

በማግሥቱ ሃሊሞ በሩ ድረስ ሄደች። ካቦ ሃሺን፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ፣ ከሙሴ ስታቭሮ በላይ ካባው የእሱ የሚመስለውን ሰው፣ ጣውላው ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ባልሽ ትናንት ቀትር ላይ ወጥቷል» አላት። ጣውላውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «አርባ አንድ። ይኸው! ቆርቆሮ አይዋሽም።»

«ከወጣ የት ሄደ?»

«እሱን እኔን ትጠይቂኛለሽ? የትናንቱ ባቡር ወዴት ነበር የሄደው? ወደ ጅቡቲ አይደል? ደግሞ መፍቻዬን ይዞብኝ ነው የሄደው፣ ወላሂ! እዚያ ሱቅ ሊከፍትበት ነው መሰለኝ።»

ወንዶቹ ሳቁ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ የመድፉ ሁለተኛ ረዳት፣ የዒልሚ ጓደኛ ሙመድ አብዲቃድር። እሱ ዞሮ ቱቦ ሲጠቀልል ነበር። ሃሊሞ ያኔ ልብ አላለችውም።

ዒልሚ ስለ ጅቡቲ ወደብ ማውራት ይወድ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ታዲያ ድሬ ውስጥ ስለ ጅቡቲ የማያወራ ማን አለ? እስከ ማታ ድረስ መጋላ ሠፈር በሙሉ ሰማ። ዓርብ ለት ጣቢያው ላይ አየሁት የሚል ሰው ተገኘ። ወር ሳይሞላ ጅቡቲ ሻይ አብሬው ጠጣሁ የሚል መጣ። ዓመቱ ሲያልቅ እዚያ ሚስት ሰጡት፣ ልጅም ጨመሩለት።

ሃሊሞ ግን አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመች ትል ነበር። ዒልሚ አንድ ነጭ ሸሚዝና አንድ አዲስ ሽርጥ ነበረው፤ ሁለቱም ግድግዳው ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ነው። «ጅቡቲ የሚሄድ ሰው የሥራ ቡትቶውን ለብሶ ይሄዳል?» ትላለች። ሰው ይሰማትና ወደ ቆርቆሮው ይመልሳታል። ቆርቆሮው ተሰቅሏል።

አዴ ቢሻሮ በሦስተኛው ወር ዕቃዋን ጠቀለለች።

«ሆዮ፣ ወዴት ነው?»

«ሆዮ አትበዪኝ፣ እናትሽ አይደለሁም! ቤቱ የተመቸው ሰው ይሄዳል? ልጄን ያባረርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ሁርሶ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። እዚያ ሐዲዱ ለቤቱ ቅርብ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ባለፈ ቁጥር አሮጊቷ ምርኩዟን ይዛ ትወጣለች፣ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ ባቡሩ ሲያልፍ ትመለሳለች። ስምንት ዓመት። ልጇ እንደ ከዳት ታምናለች፣ ግን ትወጣለች።

ሃሊሞ ቃዲው ጋ ሄደች።

«ሞቷል የሚል ምስክር አለሽ?» አሏት።

«የለኝም።»

«ፈትቶሻል?»

«አልፈታኝም።»

«እንግዲያው ሚስቱ ነሽ። ከአራት ዓመት በኋላ ካልመጣ ተመለሽ፣ ጋብቻውን ላፈርስልሽ እችላለሁ።»

«ማፍረስ አይደለም የፈለግሁት» አለች። «ከሞተ ይሰገድበት። ካለም ይምጣና እሱው ይንገረኝ።»

የጠፋ ሰው መቃብር የለውም፣ ትከሻ የሚሸከመው ሬሳም የለውም። ከቤት ስትወጣ ሚስት ይሏታል፣ ስትገባ ባሏ የሌለ ሴት ናት።

ልጅቷን ኢድልን ወልዳ አራስነቷ እንዳለቀ ካባው ሄዳ ሥራ ጠየቀች። ሴቶች የሚሠሩት ቦዩ ላይ ነው። ጭቃው ወደ ገደሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ቦታ ላይ የእንጨት ወንፊት ተደርጎለታል፤ ሴቶቹ ጭቃው ውስጥ ቆመው፣ አብሮ የሚመጣውን የነጭ ድንጋይ ስብርባሪ በእጃቸው ይለቅማሉ። ካባው ውስጥ ከዚያ የከፋ ሥራ የለም። እግር ይበሰብሳል፣ ጥፍር ይነቀላል፣ ፀሐዩ ከላይ ውሃው ከታች ሰው ይቀቅላሉ። የመጣች ሁሉ በስድስት ወር ወደ ጥላው፣ ድንጋይ መውቀጫው ጋ ለመዛወር ትለምናለች። ሃሊሞ ሦስት ጊዜ ተዛወሪ ተብላ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች።

ሴቶቹ ነካ ያደርጋታል አሉ። እሷ ግን ምክንያት ነበራት፤ ለማንም አልነገረችም። ዒልሚ ከወጣ ተመልሶ በዚያ በር ይገባል፤ በሩ ከወንፊቱ ላይ ሆኖ ይታያል። ካልወጣ ደግሞ አንድ ቀን በዚህ ቦይ ይመጣል። ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ከሁለቱ መካከል ቆመች።

ስምንት ዓመት ቆመች። ወንፊቱ ላይ ስንት ነገር መጣ! የፍየል ቀንድ፣ የጣልያን ወታደር ልብስ ቁልፍ፣ የእባብ አጥንት፣ የተሰበረ ገል። እያንዳንዱን ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታያለች፣ ትጥላለች። ድንጋይ ከሌሎቹ ሴቶች ግማሹን ነበር የምትለቅመው። ካቦ ሃሺ በላይዋ ይጮኻል። «አንቺ ሴት፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትፈልጊው?» ይላታል። ቀና አትልም። እጆቿ እንደ ዛፍ ልጥ ሆኑ። ሳልም ያኔ ነው የጀመራት። ማታ ቤት ስትገባ ኢድል እያለቀሰች ትጠብቃታለች፤ «አባትሽ ጅቡቲ ሌላ ልጅ አለው» ብለዋት ይሆናል ሠፈር ውስጥ። ሃሊሞ እግሯን እየታጠበች «ውሸት ነው» ትላታለች። እንዴት ውሸት እንደሆነ ግን ማስረዳት አትችልም።

ሙመድ በየወሩ ስኳር ይዞ ይመጣል። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ይመታል። በዚህ መካከል አድጎ ዋናው መድፈኛ ሆኗል። ቁጭ አይልም፣ ሻይም አይጠጣም፤ ስኳሩን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ጎረቤቷ ዛምዛም፣ ቦዩ ላይ አብራት የምትሠራው፣ በዚህ ነገር ምላሷ አያርፍም።

«ነያ፣ ስኳር የሚያመጣ ወንድ ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል? ይኼ ሰውዬ እየጠበቀሽ ነው።»

«ባል አለኝ።»

«የት? አሳዪኝ እስቲ ባልሽን!»

ሃሊሞ ድንጋይ ትለቅማለች።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ በ1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሙሴ ስታቭሮ ሴቶቹም ቆርቆሮ ይያዙ ብሎ አዘዘ። ሁለተኛ ጣውላ ተመታ። ሃሊሞ ቁጥር ስድስት ደረሳት። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከሐረር ተራራ የሚወርደው የጫት ካሚዮን መንገዱ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። የድሬ ሰው የሆነ ያውቀዋል፤ ያ ጡሩምባ ሲነፋ የያዙት ሥራ ከእጅ ይወድቃል። መድፉ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወንዱ ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣል፤ የቀደመ ለጋውን ያነሣል፣ የዘገየ ቅጠሉ ያለቀውን ገረባ ይሸከማል። ዛምዛም ለባሏ ልትገዛ ጭቃውን ከእግሯ እያራገፈች እጇን ዘረጋች።

«ቆርቆሮሽን አምጪ፣ ቶሎ!»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልሰቅልልሽ ነዋ! አንቺ እንደ ኤሊ ነሽ፣ እስክትደርሺ ሰልፉ ይሞላል። ወንዶቹስ እንዲህ አይደል የሚያደርጉት? አንዱ ያምስቱን ሰብስቦ ይሰቅላል፣ አራቱ ይሮጣሉ።»

ሃሊሞ ቀና አለች።

«ዱሮም?»

«ዱሮም ነዋ! ካቦው ካየ ያባርራል፣ ግን መቼ ያያል? እሱም ጫቱ ጋ ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ቆመሽ አላየሽም? አቦ፣ አንቺ እኮ ከዚህ ጭቃ ዓይንሽን አንሥተሽ አታውቂም!»

ዛምዛም ቆርቆሮውን ከእጇ ነጥቃ ሮጠች። ሃሊሞ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ እንደ ቆመች፣ በሩ አጠገብ ቁጥር ስድስት ምስማሩ ላይ ሲንጠለጠል አየችው። ቆርቆሮው እዚያ ነው፤ እሷ ግን እዚህ ናት።

ቀስ ብላ ከቦዩ ወጣች። ሙመድ መድፉ ሥር፣ ቱቦው ጥላ ላይ፣ ጫቱን ገና እየፈታ ነበር።

«ሙመድ፣ የዚያን ቀን የዒልሚን ቆርቆሮ ማን ሰቀለው?»

ሙመድ አላየሁም አላለም፣ የትኛውን ቀን አላለም። ጫቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ስምንት ዓመት የታፈነው ነገር አንድ ጊዜ ወጣ። ያን ቀን የግድግዳው እግር ክፉኛ ተበልቷል፤ ሊወድቅ ቀርቧል። ጡሩምባው ተነፋ። ዒልሚ መፍቻውን መጋጠሚያው ጋ፣ ግድግዳው ሥር ረስቶት ኖሮ ትዝ አለው። «ወሪያ ሙመድ፣ የእኔንም ስቀልልኝ፣ መፍቻውን ይዤ መጣሁ» ብሎ ቆርቆሮውን ወረወረለት። «ለጋውን ያዝልኝ፣ እንደ ባለፈው ግንድ እንዳትሰጠኝ!» አለው። «ለአንተ ጥርስ ግንዱ ነው የሚስማማው!» ብሎ መለሰለት ሙመድ፣ እየሮጠ። ይኸው ነው። ሲመለሱ ግድግዳው ወድቋል። ግድግዳ ሁልጊዜ ይወድቃል፣ እንዲወድቅ ነው የሚበሉት፤ ማን ይደነግጣል? ዒልሚ ግን የለም። ካቦው ጣውላውን አይቶ ወጥቷል አለ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ስቀልልኝ ብሎ የሰጠኝን ብናገር ቆርቆሮ የምንሰጣጠው አምስታችንም እንባረራለን ብዬ ፈራሁ። ዓርብ ለት ጣቢያው ላይ አየነው ሲሉ አመንኩ። ማመን ፈለግሁ፣ ሃሊሞ። ከዚያ ወር ሆነ። ከወር በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ዓመት ሆነ።»

ሃሊሞ የእጇን ጭቃ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ስኳርህን ጠጣሁት» አለች። «ስምንት ዓመት ጠጣሁት። ልጄንም አጠጣኋት።»

ሙመድ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። እሷ አላለቀሰችም፣ አልረገመችውም። በእጇ ወደ ምዕራብ አመለከተች። ያ ያኔ የወደቀው ግድግዳ እስከ ዛሬ እንደ ወደቀ ተከምሮ ይገኛል፤ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ሙሴ ስታቭሮ ያኔ አይቶት፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ቢጫ ነው፣ ለኖራ አይሆንም ብሎ መድፉን ወደ ምሥራቁ ፊት አዞረው። ክምሩን ያጠበው ሰው የለም።

«እጠበው» አለችው።

«ያንን ክምር መንካት ክልክል ነው። ውሃው ለዚያ አይደለም። ካቦው ካየ—»

«እጠበው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙመድ በየቀኑ ሥራው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ካቦው ጣውላው ጋ ሲወርድ፣ የመድፉን አፍ ወደ ምዕራብ ያዞራል። እንደ ሌላ ጊዜ እግሩን አይበላም፤ ፈራ። ከላይ ነው ቀስ እያለ፣ እንደ ሽንኩርት የሚልጠው። የሚወርደው ጭቃ ወደ ወንፊቱ ይመጣል። ሌሎቹ ሴቶች ሄደዋል፤ ሃሊሞ ብቻዋን ናት። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ዛምዛም ምክንያቱን ሳትጠይቅ አጠገቧ ትቆም ጀመር። ምላሷም አረፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ትናንት መሆኑ ነው፣ ካቦ ሃሺ አየ።

«መድፈኛው! አብደሃል? የማንን ውሃ ነው የምትደፋው?» እየጮኸ ወጣ። «ሞተሩን አጥፉ! ይኼ ሰውዬ ቢጫ ድንጋይ አምሮት ነው? ሽንት ቤት ሊሠራበት ነው?»

ሠራተኛው ሊወጣ በሩ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ሁሉም ዞሮ አየ። ሙመድ መድፉን አልለቀቀም። ከውሃው ድምፅ በላይ ጮኸ።

«የዒልሚን ቆርቆሮ የሰቀልኩት እኔ ነኝ! እሱ አልወጣም! መፍቻህን ሊያመጣልህ ነው የገባው!»

ካቦ ሃሺ አፉን ከፈተ። የሚሳደብ መስሎ ነበር፣ ግን ዞሮ ጣውላውን አየ። በሩ ላይ የቆመው ስልሳ ሰው እግር እግሩን ማየት ጀመረ። አንድም ሰው «እንዴት ለሌላ ሰው ትሰቅላለህ» አላለም። በየኪሱ የራሱ ቆርቆሮ አለ፣ በየእጁ ደግሞ የጓደኛው።

በዚያ መካከል ነው ከቦዩ ድምፅ የመጣው። መጀመሪያ የዛምዛም እልልታ ነበር። ወንፊቱ ላይ የቆዳ ቁራጭ ታንቆ ቀርቶ፣ ሃሊሞ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ስታወጣውና ስታጥበው ዛምዛም አየች። አራት ጠፍር ነው። ሦስቱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ዛምዛም ሳታስበው እልል አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ ሰው በሞተበት እልል ይባላል?

«እልል በይ» አለቻት ሃሊሞ። «አትፍሪ፣ እልል በይ።» ከዚያ ጠፍሩን ከፍ አድርጋ ወደ ሰዎቹ ጮኸች። «አልሄደም! እዚሁ ነበር! የትም አልሄደም!»

ሞተሩን ያጠፋው ካቦ ሃሺ ራሱ ነው። ከክምሩ የቀረውን በመድፍ አላጠቡትም። ስልሳው ሰው በእጁ፣ በባልዲ፣ በቆርቆሮ ጣሳ እየቀዳ እያፈሰሰ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አጠበው። ዒልሚ ወገቡ ላይ የጠፍሩ ግማሽ፣ ከጠፍሩ ላይ መፍቻው ነበር። ፊቱ ወደ በሩ ነው። ከሠላሳ እርምጃ የማይበልጥ ቀርቶት ነበር። ካቦ ሃሺ መፍቻውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ያለ ባርኔጣ አይቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ራሰ በራ ነው። «ሰርቆኛል ብዬ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ዛሬ ጠዋት ሰገዱበት። መስጊዱ አልበቃ ብሎ ሰልፉ መንገድ ላይ ወጣ። ስምንት ዓመት «ጅቡቲ አየነው» ሲሉ የኖሩት ሁሉ ቃሬዛውን ለመሸከም ተጋፉ። ቃዲው ከቀብር በኋላ ሃሊሞ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ የሐዘን ጊዜሽ፣ ዒዳሽ፣ እንደ ኪታቡ ከሆነ ካለቀ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከቤት መቀመጥ የለብሽም» አሏት።

«ኪታቡ ትክክል ነው» አለቻቸው። «ለእኔ ግን ትናንት ነው የሞተው። ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ፤ አሁን ልቀመጥ።»

ነጭ ልብስ ለብሳ ተቀመጠች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ምን እንደሚይዙ ያላወቁ ይመስላሉ። ኢድል አጠገቧ ሆና የአባቷን ጠፍር ትፈታለች፣ ትጎነጉናለች። ሙመድ በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። ሙሴ ስታቭሮ ጠዋት አባሮታል፤ በከንቱ ለፈሰሰው ውሃ ነው አሉ። ዛሬ ቀትር ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ እያንዳንዱ የራሱን ቆርቆሮ ሰቀለ ብላ ዛምዛም ነገረችኝ። ነገስ? ነገን እኔ እንጃ።

«ግባ» አለችው ሃሊሞ ሙመድን። «ሻይ ጠጣ። በራስህ ስኳር።»

ገባ። ጠጣ። ግማሹን ሽርጡ ላይ አፈሰሰው። ይቅር አልኩህ አላለችውም፤ አላልኩም አላለችም።

ከዚያ ወደ ደጅ አየችና እኔን፣ ጎረቤቷን፣ ጠራችኝ። «እኔ ተቀምጫለሁ፣ መንገድ አልወጣም። ሁርሶ ሂድልኝ። እናቱ አልሰማችም» አለችኝ። «መርዶ ብለህ እንዳትጀምር። መጀመሪያ ምሥራች በላት። ልጅሽ አልከዳሽም በላት። ያለ አንቺ ፈቃድ የትም አልሄደም በላት። ሌላውን ስትቀመጥ ትነግራታለህ።»

ስለዚህ ይኸው መንገድ ላይ ምሥራች እያልኩ አፌን አለማመድኩ። ሁርሶ የሚሄደው ካሚዮን ሞተሩን አስነሥቶ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሟል፣ ከአፍታ በኋላ ይነሣል። እኔ ቀድሜው መድረስ አለብኝ። አለዚያ አዴ ቢሻሮ ዛሬም ምርኩዟን ይዛ ሐዲዱ ጋ ትወጣለች። ልሂድ፣ ልሂድ፣ ወሪያ ሾፌር፣ ጠብቀኝ!